እትዬ የሚለው ፋይል

ኮምፒዩተሬ መጮህ የጀመረ ቀን አይጥ መስሎኝ ነበር። መጥረጊያ ይዤ አልጋ ሥር ጎንበስ አልኩ፣ ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው አላቀቅሁ፣ የጫማ ካርቶኖቹን አንድ በአንድ አነሣሁ። ድምፁ ቀጭን ነው፤ ጥፍር ጣሳ ሲቧጭር ዓይነት። ትንሽ ይቧጭርና ዝም ይላል፣ እኔ ስቀመጥ ደግሞ ይጀምራል። በመጨረሻ ጆሮዬን ሲፒዩው ላይ ስለጥፍ ነው ከውስጥ እንደሚመጣ ያወቅሁት። ብቻዋን የምትኖር ሴት የቤቷን ድምፅ ሁሉ ለይታ ታውቃለች፤ የቧንቧውን፣ የቆርቆሮውን፣ የፍሪጁን። እውነቱን ለመናገር፣ የማላውቀው ድምፅ ሲመጣ አይጥም ቢሆን ሰው የመጣ ያህል ቆጥሬው ነበር።

ግቢያችን ድሮ ሰው አይጠፋበትም። አራዳ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ያለ የቀበሌ ቤት ነው። መንገዱ ሲሰፋ ከፊታችን ያሉት ቤቶች ሁሉ ተነሡና ጎረቤቱ ከከተማው ዳር ዳር ባሉ ኮንዶሚኒየሞች ተበተነ። የእኛ ረድፍ ከኋላ ስለነበር ተረፈ፤ መትረፍ ከተባለ። እድሩ ፈረሰ፣ ድንኳኑና ወንበሩ የት እንደደረሰ እንኳ የሚያውቅ የለም። አሁን ከበሬ ወጣ ስል የማየው ንጹሕ የእግረኛ መንገድና በረድፍ የቆሙ የመንገድ መብራቶች ናቸው። ያምራል፤ አያምርም አላልኩም። የሚያምር ነገር ግን «እንዴት አደርሽ» አይልም።

ያ ኮምፒዩተር የእንጀራዬ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሲጮህ እንዲያ ባልደነገጥኩ። ሥራ ከቆመ ቆይቷል። ያስደነገጠኝ ውስጡ ያለው ነው። ውስጡ እትዬ ነበረች።

ታላቅ እኅቴን በስሟ ጠርቻት አላውቅም፤ እትዬ ነበር የምላት። እናታችን ስታርፍ እኔ ገና ፊደል ቆጣሪ ስለነበርኩ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ባል ያላገባችው በእኔ ምክንያት ነው ይሉ ነበር ሰዎች፤ እሷ ግን «የሚመጥነኝ ጠፍቶ ነው፤ በልጅቷ አታመካኙ» ትላቸዋለች። ዕድሜዋን በሙሉ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች። ጡረታ ስትወጣ ከምኒልክ አደባባይ ወረድ ብሎ መንገድ ዳር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየን፣ ይህንኑ ኮምፒዩተር ገዛን፣ በሩ ላይ «የጽሕፈት አገልግሎት» የሚል ታፔላ ሰቀልን።

ማመልከቻ እንጽፋለን፣ ውል እንጽፋለን፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ እንጽፋለን። ስማችን የወጣው ግን በሕይወት ታሪክ ነው። ሰው ሲሞት፣ ከቀብሩ በፊት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ለለቀስተኛው የሚነበበውን ያንን አንድ ገጽ ማለቴ ነው። ቀብሩ በዚያው ቀን ስለሆነ ቤተሰብ ጠዋት በሩን ሳንከፍት ደጃፉ ላይ ቆሞ ይጠብቀናል፤ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ዐይኑ አብጦ፣ እጁ ላይ የተጨማደደ ወረቀት ይዞ። እትዬ ትጠይቃለች፣ እኔ እጽፋለሁ። «መቼ ተወለዱ?» ስትል ሐዘንተኞቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። አንዱ በጣሊያን ጊዜ ነው ይላል፤ ሌላው ኧረ ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው ይላል። «ጣሊያንን እንተወውና፣ ልጅ ስንት አላቸው?» ትላለች። እዚህ ላይ ደግሞ ጠቡ ይብሳል። ከትዳር ውጭ የተወለደች አንዲት ልጅ ትቆጠር አትቆጠር ይሆናል ነገሩ። «በአባቷ አስከሬን ፊት ቆማ ስሟ ሳይጠራ ከሚቀር እናንተ ብታኮርፉ ይሻላል» ትልና ወደ እኔ ዞራ «ጻፊ» ትለኛለች።

ለዚህ ሥራ አንድ ፋይል ብቻ ነበረን። ስሙም «የሕይወት ታሪክ» ነው። አዲስ ሟች ሲመጣ ያንኑ ፋይል እከፍታለሁ፤ የባለፈው ሰው ታሪክ ተጽፎ ይጠብቀኛል። ስሙን፣ የትውልድ ቦታውን፣ ልጆቹን በላዩ ላይ እቀይራለሁ፣ አትማለሁ፣ ሴቭ አደርጋለሁ። አጥንቱ የሁሉም አንድ ነው፤ ተወለዱ፣ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ተማሩ፣ በቅንነት አገለገሉ፣ ባደረባቸው ሕመም በሀገር ውስጥና በውጭ ሀገር ሲታከሙ ቆይተው ዐረፉ። መጀመሪያ ላይ እያንዳንዱን ለየብቻው ላስቀምጥ ብዬ ነበር፤ የከለከለችኝ እትዬ ናት። «ኮምፒዩተሩን መቃብር አታድርጊው» አለችኝ። «የሰው ሬሳ ታቅፈን ነው እንዴ የምንውለው?» ከዚያ ወዲያ አንዱ ሲመጣ አንዱ ይሄዳል።

ሌላም ልማድ ነበራት። ሰው ስትሸኝ ከበር አትመለስም። ደንበኛም ይሁን ዘመድ፣ የተጨቃጨቀችው ሰውም ቢሆን፣ ተከትላ ትወጣና ደጃፉ ላይ እጇን አጣምራ ትቆማለች፤ ሰውየው መታጠፊያው ላይ ዞሮ እስኪጠፋ ድረስ ታያለች። እኔንም እንዲሁ ነው። የፕሪንተር ቀለም ልገዛ ስወጣ ውጭ ሀገር የምሄድ ይመስል ትሸኘኛለች። ልማድ ሆኖብኝ መታጠፊያው ላይ ስደርስ ዞር ብዬ እጄን አነሣላታለሁ፤ እሷም ታነሣለች። አንድ ቀን ስመለስ «ቆይ፣ እዚያ ቆመሽ ምንድን ነው የምታይው?» አልኳት። «አንቺን ነዋ» አለች። «ሌላ ምን የሚታይ አለኝ?»

መታመሟን ከእኔ ቀድማ አውቃ ነበር። አንድ ቅዳሜ ጋቢዋን ተከናንባ ወደ ክፍላችን መጣችና በራሷ ወንበር ላይ ሳይሆን ደንበኞች በሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ ተቀመጠች።

«ዛሬ ደንበኛ ነኝ» አለች። «የሕይወት ታሪክ ላስጽፍ ነው የመጣሁት።»

«የማንን?» አልኩ፣ እያወቅሁ።

«የሟችን ነዋ። በይ ክፈቺው። እኔ ከሄድኩ በኋላ ምን ጽፈሽ እንደምታዋርጂኝ አይታወቅም።»

ፋይሉን ከፈትኩ። ያለፈውን ሰው አጠፋሁና ራሷን አንቱ እያለች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስጻፈችኝ። «በውጭ ሀገር ሲታከሙ» የሚለው ጋ ስንደርስ ሳቀች። «እሱን አውጪው። ከቸርችል ጎዳና ወርጄ አልታከምኩም፤ ዋሽቼ አልቀበርም» አለች። ያን ቀን ካለችው ውስጥ በደንብ የማስታውሰው ይህንኑ ብቻ ነው። ይህን ታይፒስት ላልሆነ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። እኛ የምንሰማው በጆሮ ገብቶ በጣት ይወጣል፤ መሐል ላይ አያድርም። በዚያ ላይ አለቅስ ነበር። እሷ «ፊደል እንዳትገድፊ» እያለች ስትቀጥል እኔ የማየው የተንሳፈፈ ስክሪን ነው።

ቀብሯ ላይም አልሰማሁትም። የእድሩ ጸሐፊ ሲያነቡት እኔ በሁለት ሴቶች ተደግፌ ነበርኩ። የማስታውሰው ሰው መሣቁን ነው። ቀብር ላይ፣ ሬሳ ፊት፣ ሰዉ ነጠላውን አፉ ላይ አድርጎ ሣቀ። ምን ብላ እንዳሣቀቻቸው ግን እስከ ዛሬ አላውቅም። ወረቀቱ በጸሐፊው ኪስ ገባ፤ ቆይቶ እሳቸውም ዐረፉ። የእሳቸውንም የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ከቀብር መልስ ብቻዬን ክፍሉን ከፍቼ ገባሁና ኮምፒዩተሩን አበራሁ። ፋይሉን አልከፈትኩትም። ማውሱን ይዤ የሚቻለውን ነካካሁ፣ የስክሪኑ ፊት ላይ አወጣሁት፣ ስሙንም «እትዬ» አልኩት። ጥግዋ ላይ ትንሽ ቀስት ያለባት ነጭ ወረቀት የምትመስል ምልክት ናት። ለየሁት፣ አስቀመጥኩት ብዬ አሰብኩ። እንደ ሌሎቹ በላዩ አይጻፍበትም፤ ልቤ ሲጠና አነበዋለሁ።

ልቤ ሳይጠና ዓመታት ሄዱ። ጠዋት ኮምፒዩተሩን ስከፍት መጀመሪያ የማየው እሷን ነው። «እንደምን አደርሽ» እላታለሁ፣ ወደ ሥራዬ እገባለሁ። አንድ ሁለቴ ቀስቱን አምጥቼ ምልክቷ ላይ አቁሜ እጄ እምቢ ብሎኛል። እዚያ መሆኗን ማወቄ ይበቃኝ ነበር። የጽሕፈት ክፍላችን ለመንገዱ ሲፈርስ ከዕቃው ሁሉ ቀድሜ ያወጣሁት ሲፒዩውን ነው፤ ታፔላውን እንኳ ረስቼዋለሁ።

አሁን ደግሞ ጮኸ። በማግስቱ ሲፒዩውን በእትዬ ጋቢ ጠቅልዬ፣ ታክሲ ኮንትራት ይዤ ቸርችል ጎዳና ቁልቁለቱ ላይ የኮምፒዩተር ጥገና ወዳለበት ፎቅ ሄድኩ። እንዳቀፍኩት ገብቼ ስቀመጥ ሾፌሩ በመስታወት አየኝና «ማዘር፣ ሕፃኑን አሞት ነው?» አለኝ። «ሕፃን አይደለም፤ እኅቴ ናት» አልኩት። መስታወቱን ወደ ጎን አዞረው። ነገሩን ሳላብራራ ወረድኩ፤ አልቆጨኝም።

ቴክኒሺያኑ ጎልማሳ ነው፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን የሚፈልግ ዓይነት ሰው። ሲፒዩውን ፈታና አበራው፣ ጆሮውን አስጠጋ።

«ማዘር» አለኝ፣ «ይሄ ሀርድ ዲስክ ንስሐ እየገባ ነው። አይቆይም።»

ማዘር ሲሉኝ አልወድም። ያልወለደች ሴት ከተማው ሙሉ ልጄ ነኝ ሲላት ደስ የሚላት የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ግን የምፈልገው ነገር በእጁ ነበርና ዋጥ አድርጌ «ታዲያ ምን ይሻላል?» አልኩ።

«አዲስ ሀርድ ዲስክ እናስገባና ክሎን እናደርገዋለን። አንድ አንድ ፋይል እየለቀሙ መገልበጥ አይደለም። ይሄ ላይ ያለው ሁሉ፣ አቀማመጡ ሳይቀር፣ እንዳለ ወደዚያ ይሻገራል። ሲከፍቱት ያው የራስዎ ኮምፒዩተር ነው።»

«የሚቀር ነገር የለም?»

«ያለው ሁሉ ይሄዳል። ችግሩ ይሄኛው መሐል ላይ ቀጥ ካለ ነው። አንድ ዕድል ነው ያለን። ሲያልቅ ልደውልልዎት፤ ወጣ ብለው ማኪያቶ ይጠጡ።»

«እዚሁ እጠብቃለሁ» አልኩ።

ቀኑን ሙሉ እዚያ ተቀመጥኩ። ሁለቱ ሀርድ ዲስኮች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ተኝተው በሽቦ ተያይዘዋል፤ አሮጌው ይቧጭራል፣ አዲሱ ድምፅ የለውም። ስክሪኑ ላይ አንድ አረንጓዴ መስመር አለ፤ የሚሄድ አይመስልም፣ ግን ይሄዳል። ሆስፒታል እትዬን ሳስታምም ግሉኮሱን እንዲሁ ነበር የማየው፤ ጠብ ሲል አያለሁ፣ እንዳይቆም እፈራለሁ። ደንበኛ ይገባል፣ ይወጣል። ቴክኒሺያኑ ስልክ ይዞ ከቤት አከራዩ ጋር ይጨቃጨቃል። አሮጌው ዝም ባለ ቁጥር ብድግ እላለሁ፤ እሱም ሳያየኝ «አለ፣ አለ» ይለኛል።

ከሰዓት በኋላ መብራት ሄደ። ከላይኛው ፎቅ እስከ ታችኛው ሰው አንድ ላይ «ኤጭ» ሲል ሰማሁ። እኔ ግን የጮህኩ አይመስለኝም፤ የሰውየውን እጅጌ ጨምድጄ ይዤ ራሴን አገኘሁት። «ባትሪ አለኝ ማዘር፤ እጄን ይልቀቁኝ» አለ። ለቀቅሁት። አረንጓዴው መስመር በጨለማው ክፍል ውስጥ ብቻውን ይበራ ነበር። ለማን እንደሆነ ሳልለይ ስለት ተሳልኩ።

አለቀ። ሰውየው አዲሱን ሀርድ ዲስክ ሲፒዩው ውስጥ አሰረና አበራው። ቀድሞ በስንት ልመና ይከፈት የነበረው ኮምፒዩተር ወዲያው ፍጥጥ አለ። ሁሉም በቦታው ነው። ከጀርባ የነበረው የአበባ ሥዕል፣ የማመልከቻዎቹ ፎልደር፣ ጥግ ላይ ደግሞ እትዬ። ከነቀስቷ። ደስታዬን የምነግረው ሰው ስላልነበረ ለእሱው «ተመስገን» አልኩት።

«ከመሄድዎ በፊት አንድ ሁለት ፋይል ከፍተን እንይ። ዋናው የቱ ነው?»

ቤቴ ሄጄ ብቻዬን ልከፍተው ነበር ሐሳቤ። ግን ደስ ብሎኛል፣ ያን ያህል ዓመት የፈራሁት ነገር ቀላል መስሎኛል። «እትዬ የሚለውን» አልኩ። ከፈተው።

በትልልቅ ፊደል «አጭር የሕይወት ታሪክ» ይላል። ከሥሩ የአንድ ሽማግሌ ስም። አትክልት ተራ ሽንኩርት ያከፋፍሉ የነበሩ፣ ክፍላችን ሊፈርስ ጥቂት ሲቀረው ያረፉ ሰው ናቸው። የመጨረሻው ደንበኛዬ።

«ይሄ አይደለም» አልኩ። «እትዬ የሚለውን ነው ያልኩህ።»

«እሱን እኮ ነው የከፈትኩት።»

ዘግቶ ደግሞ ከፈተው። ሽንኩርት ነጋዴው።

ከዚያ በኋላ ያልኩትን ሁሉ አልጽፈውም። አጠፋህብኝ አልኩት፣ ቀላቀልክብኝ አልኩት፣ የማታውቀውን ሥራ ለምን ትነካለህ አልኩት። አጠገባችን ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ወደ ግድግዳው ዞሩ። ሰውየው መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ ዐይኑ ላይ አደረገና አሮጌውን ሀርድ ዲስክ መልሶ ሰካው፤ እዚያም ያው ነው። ከዚያ ጣቱን ምልክቷ ጥግ ላይ፣ ቀስቷ ጋ አደረገ።

«ይቺን ያዩአታል? ይሄ ፋይሉ አይደለም። ሾርትከት ነው። ወደ ፋይሉ የሚወስድ በር ማለት ነው እንጂ ውስጧ ምንም የለም። ፋይሉ ራሱ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ስሙም የሕይወት ታሪክ ነው።»

«እና የእሷስ?»

«የማን?»

ያኔ ገብቶኛል። በሩን ለይቼ አስቀምጬ ቤቱን ለሌላ ሰው አከራይቻለሁ። ከእሷ በኋላ የመጣ ሟች ሁሉ እዚያው ፋይል ላይ ተጽፏል፤ ያስተማረችኝ እሷ፣ የጻፍኩት እኔ። ሰውየው ይባስ ብሎ አዘነልኝ። የተሰረዘ ነገር የሚፈልግ ፕሮግራም አስነሥቶ ብዙ ቆፈረ። በኋላ እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሣ። «የጠፋ ቢሆን እናወጣው ነበር። በላዩ የተጻፈበትን ግን ማውጣት አይቻልም። ክሎን ደግሞ ያለውን ነው የሚያሻግረው» አለ።

ሲፒዩውን አቅፌ ወጣሁ። ኮንትራት መያዝም አልታሰበኝም፤ ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ በእግሬ ወጣሁት። ሰው ከሥራ የሚወጣበት ሰዓት ስለነበር መንገዱ ሙሉ ነው፤ እየገፉኝ ያልፋሉ። እትዬ ከሞተች ጀምሮ ብቸኛ ነኝ ብዬ አስብ ነበር፤ አልነበርኩም። ያን ቀን ነው ብቻዬን የቀረሁት። ለካ እስከዚያ ድረስ አንድ ያልሰማሁት የእሷ ወሬ አለ እያልኩ ነው የኖርኩት፤ ገና የምትነግረኝ ነገር ያላት ሰው አልሞተችም። አሁን ጨርሳ ዝም አለች።

ቤት ገብቼ ኮምፒዩተሩን በቦታው አቆምኩና ሽቦውን ሰካካሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ሥራ የለኝ። ሲበራ ዝም ነው የሚለው። የሚቧጭረው ድምፅ እንኳ ጠፍቷል። እዚያው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጥኩ ነው አንድ ነገር ትዝ ያለኝ።

ከእትዬ ቀጥሎ የመጣው ቤተሰብ ትዝ አለኝ። አርባዋ እንኳ አልወጣም ነበር። ፋይሉን ስከፍተው የእሷ ተጽፎ ቁጭ ብሏል። የእሷ ተለይቶ ተቀምጧል ብዬ ስለማምን ከላይ ያለውን፣ ስሙን፣ ትውልዱን፣ ቤተሰቡን፣ በላዩ ለወጥኩ። የታችኛውን አንቀጽ፣ የሟች ጠባይ የሚጻፍበትን፣ ዐይኔ ሊያየው አልቻለም። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ «እስኪ እናንተው አንብቡት፤ የማይሆነውን በጣታችሁ አሳዩኝ» አልኳቸው። ልጅየው ስክሪኑ ላይ ጣቱን አስቀመጠ። «ይሄ አይሆንም፤ አባታችን ቀልደኛ አልነበሩም» አለ። ያንን መስመር አጠፋሁ። ቀጥሎ የመጡት ደግሞ ሌላ መስመር አስጠፉኝ። ቀጥሎ የመጡትም ሌላ። ሁሉም የራሱን ሰው የማይመስለውን እያወጣ ሄደ። እኔም እንደ ልማድ ያንን አንቀጽ ሳላነብ ማለፍ ለመድኩ። አንድ መስመር ግን ሲደርሱበት ሁሉም ጣታቸውን ከስክሪኑ ያነሣሉ። አንዳንዱ ያለቅሳል። «ይቺን አትንኪያት» ይሉኛል። «ልክ እንደዚህ ነበሩ።» ምን እንደምትል ጠይቄ አላውቅም።

የሽንኩርት ነጋዴውን ፋይል ከፈትኩ። ስማቸውን አለፍኩ፣ ትውልዳቸውን አለፍኩ፣ ስምንት ልጆቻቸውን ከነሙያቸው አለፍኩ። የታችኛው አንቀጽ የቀረው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። በዚያ ሁሉ ሟች መሐል ያለፈ፣ ማንም አውጪው ያላለው። ጮክ ብዬ አነበብኩት።

«ሰው ሲመጣባቸው የያዙትን አስቀምጠው የሚቀበሉ፣ ሲሄድባቸውም በር ላይ ቆመው መታጠፊያው ጋ እስኪሰወር ድረስ ዐይናቸውን የማይነቅሉ ነበሩ።»

ደግሜ አነበብኩት። እያነበብኩ ድምፄ የእሷን ድምፅ ሆነብኝ፤ ሳቋን አፍና፣ ራሷን አንቱ እያለች፣ ጋቢዋን እያስተካከለች። ያ ሁሉ የሰፈር ሰው፣ የተከበረውም የተጠላውም፣ በእሷ ቃል ነው የተሸኘው። ልጆቻቸው ሁሉ እውነት ነው ብለዋል። ውሸታቸውን አይመስለኝም፤ ሁሉም አንድ ቀን በር ላይ ቆሞ ያያቸው ሰው ስለነበራቸው ነው። አለቀስኩ። እኅቴ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም፤ ገና ያን ቀን የቀበርኳት መሰለኝ።

ሲበቃኝ ዐይኔን ጠራርጌ ሥራዬን ሠራሁ። የሽማግሌውን ታሪክ በስማቸው ለብቻው አስቀመጥኩት፤ እሳቸውም የሰው አባት ናቸው። ከዚያ አዲስ ገጽ ከፍቼ ያንኑ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ። መገልበጥ እችል ነበር፤ ግን በጣቴ፣ ፊደል በፊደል፣ እየሰማሁ ጻፍኩት። ከሥሩ ስለ ቸርችል ጎዳና ያለችውንም ጨመርኩ። ሌላ ይመጣልኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልመጣም። አሮጌውን ምልክት አጠፋሁና አዲሱን «እትዬ» ብዬ አስቀመጥኩት። ጥግዋ ላይ ቀስት የለባትም።

በማግስቱ ጋቢዋን ጥገና ቤቱ ውስጥ ረስቼው መምጣቴን አየሁ። ሰውየውንም በቁጣ ነበር ትቼው የወጣሁት፤ ይቅርታ ልለው ይገባል። ነጠላዬን ደረብ አድርጌ በሩን ቆለፍኩና መንገድ ገባሁ። ጠዋት ነው፤ ከመንገድ ጠራጊዎቹ በቀር ሰው አልነበረም። መታጠፊያው ላይ ስደርስ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ዞር ብዬ እጄን አነሣሁ።

በሩ እንደቆለፍኩት ነው። ማንም የለም። እጄን ግን ወዲያው አላወረድኩትም።